ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት አይደለም እንዴ? ሳይኮሎጂ የገባው ሰው ይርዳኝ

ግራ_የገባት
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ፍሬሽ ነኝ ጀነራል ሳይኮሎጂ እየወሰድኩ ነው፣ ሚድ ሊደርስ አስር ቀን ቀርቶታል። እስካሁን ደህና ነበርኩ፣ ቩንት የሚባለው ሳይኮሎጂስት በፈረንጆቹ 1879 ላይፕዚግ ላይ ላብ ከፈተ ምናምን የሚለውን ሸምድጄ አለፍኩት፣ ስለ ለርኒንግ የሚያወራው ቻፕተር ጋ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። የፓቭሎቭ ውሻ (ያ ምግብ ሊመጣ ነው የሚል ምልክት ሲሰማ ምራቁ የሚመጣው) ገብቶኛል ብዬ ስፎክር አሳይመንት ላይ ኮንዲሽንዱንና አንኮንዲሽንዱን ስቲሙለስ (ምላሽ የሚቀሰቅሰውን ነገር) ገልብጬ ጻፍኩት። የባሰው ደሞ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ መጥፎ ነገር ነው አይደል? መጥፎ ከሆነ ያው ቅጣት ነው፣ ታዲያ ፐኒሽመንት ለምን ለብቻው ተጻፈ? ሃንዳውቱን አራቴ አንብቤዋለሁ፣ ሳነበው ይገባኛል ስዘጋው ብን ይላል። በሰው ቋንቋ አስረዱኝ በናታችሁ

ያለፈበት
አሳይመንት ከፍለሽ የሚሰራልሽ ልጅ አውቃለሁ ኢንቦክስ አድርጊ

ጥግ_ወንበር
@ያለፈበት ተው እንጂ ወንድሜ፣ ሚዱንም እሱ ሊፈተንላት ነው?

እህቴ አይዞሽ ሁሉም እዚህ ጋ ይወድቃል። ኔጌቲቭ የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተው። ጥሩ መጥፎ ማለት አይደለም፣ ዝም ብሎ የሂሳብ መደመርና መቀነስ ነው። ፖዘቲቭ ሲል የሆነ ነገር መጣ፣ ኔጌቲቭ ሲል የሆነ ነገር ተነሳ። ሪኢንፎርስመንት ካለ ባህሪው በዛ፣ ፐኒሽመንት ካለ ባህሪው ቀነሰ። አለቀ። መኪና ውስጥ ቀበቶ እስክታስሪ ጢጥ ጢጥ እያለ ያደርቅሻል አይደል፣ ስታስሪ ዝም ይላል፣ በሚቀጥለው ገና ስትገቢ ታስሪያለሽ። ድምፁ ተነሳ፣ ማሰር በዛ፣ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ይሄ ነው።

እኔን ያነቃኝ ግን ይሄኛው ነው፦ ህፃን ልጅ ስልክ ስጡኝ ብሎ መሬት ላይ ተንፈራፍሮ ያለቅሳል፣ እናት ሲሰለቻት ትሰጠዋለች፣ ፀጥ ይላል። ልጁ አልቅሶ ስልክ አገኘ ስለዚህ ነገም ያለቅሳል፣ የሱ ፖዘቲቭ ነው። እናትየዋ ደሞ ስልኩን ስትሰጥ ጩኸቱ ተነሳላት ስለዚህ ነገም ትሰጣለች፣ የሷ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱም ሳያውቁት እየተሰለጣጠኑ ነው። ፈተና ላይ ይሄን ሲያመጡ መጀመሪያ "የማን ባህሪ ነው የተጠየቀው" ብለሽ አስምሪበት፣ እኔ ነጥብ ያጣሁት እሷ ጋ ነው።

ሶስተኛ_ዓመት
የኮንዲሽንዱን ነገር እኔ ልጨምር። ቃሉን "በልምድ የመጣ" ብለሽ አንብቢው። ዋትሰንና ሬይነር የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1920 ያወጡት የትንሹ አልበርት ሙከራ አለ፣ ህፃኑ ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር፣ አይጧን ሊነካ ሲል ከኋላው ብረት በመዶሻ ሲመቱ ይደነግጣል፣ ይሄ ሲደጋገም አይጧን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። (በዛሬው የምርምር ስነምግባር የማይፈቀድ ጭካኔ ነው፣ እሱም ይጠየቃል።) አሁን ራስሽን ጠይቂ፣ በብረቱ ድምፅ ለመደንገጥ መማር ነበረበት? አልነበረበትም፣ እሱ አንኮንዲሽንድ ነው። አይጧን ለመፍራትስ? አዎ፣ ኮንዲሽንድ።

"ሳነበው ይገባኛል ስዘጋው ይጠፋል" ያልሽው ደሞ ራሱ የሳይኮሎጂ ርዕስ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ በፈረንጆቹ 2006 ባወጡት ጥናት፣ ያነበቡትን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሁፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሲጽፉ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ አምስተኛ እንዳታነቢው፣ ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከዛ ከፍተሽ የሳትሽውን በቀይ አርሚ። መጀመሪያ ቀን ወረቀቱ ቀይ በቀይ ይሆናል፣ አትደንግጪ። ደሞ በአንድ ሌሊት አትጨርሺው፣ ቀን እያለፍሽ ተመለሺበት።

ግራ_የገባት
ኧረ ተባረኩ! ቆይ ልሞክር እስቲ። አንድ፣ ጠዋት አላርም ሲጮህ ስኑዝ እጫናለሁ፣ ድምፁ ይጠፋል፣ መጫኔ በየቀኑ ብሶበታል፣ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት። ሁለት፣ ታናሽ ወንድሜ ሳያስፈቅድ ደብተሬን ሲነካ የጌም መጫወቻውን ቀማሁት፣ ነገር ስለተነሳ ይሄም ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት?

ጥግ_ወንበር
አንደኛው ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሽ፣ መነሳቱ ኔጌቲቭ ያሰኘዋል፣ ግን የፈለግሽው እንዲቀንስ ነው ስለዚህ ኔጌቲቭ ፐኒሽመንት። ለመሆኑ ከዛ በኋላ ተወ?

ግራ_የገባት
የት ይተዋል፣ ትናንትም ደብተሬ ላይ ስዕል ስሎ አገኘሁት

ጥግ_ወንበር
ሃሃሃ እንግዲያው ፐኒሽመንትም አልሆነም። ባህሪው ካልቀነሰ በትርጉሙ ፐኒሽመንት አይባልም፣ መቀማት ብቻ ነው