የአሞኒያ ዘይት ማታ ብቻዬን አውጣ ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

የቡሬው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡሬ አካባቢ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ማሽን ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ማቀዝቀዣችን በአሞኒያ ነው። ሪሲቨሩ (ፈሳሽ አሞኒያው የሚጠራቀምበት ታንክ) ሥር ከኮምፕሬሰሩ አብሮ የሚመጣው ዘይት የሚወጣበት ተራ ቦል ቫልቭ አለ። ጫፉ ላይ የጎማ ቱቦ ተሰክቶ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ይህን ሥራ የሚያውቀው ሰውዬ ለቀቀ። አሁን የሺፍት ኃላፊው «ማታ ወተቱ ከገባ በኋላ አንተ አውጣው» አለኝ። ማታ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ማስክ አለ፣ ግን ካርትሪጁ (ጋዙን የሚያጣራው ክፍል) መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ የለም። ሽታውን እንኳ ለምጄዋለሁ። የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ሰዎችም ሊመጡ ነው ተብሏል። እምቢ ብል እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።

ማርቆስ 2፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ታካብዳለህ። እኛ በረዶ ቤት ሳለን እርጥብ ፎጣ አፍንጫችን ላይ አስረን ነበር የምናወጣው። ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፣ ስትጨርስ ወተት ጠጣ። እናንተ ጋ ወተት አይጠፋም መቼም 😄

ጋሼ ኮምፕሬሰር (ባሕር ዳር)፦
ማርቆስ 2፣ አንተን እግዜር ጠብቆሃል። ልጁን ግን እንዲህ አትምከረው።

ስማኝ የቡሬው ልጅ። አሞኒያ ቤት ውስጥ ሰው በብዛት የሚጎዳው ዘይት ሲያወጣ ነው። ዘይቱ ከፈሳሽ አሞኒያ ይከብዳል፣ ብዙም አይዋሃድም፣ ስለዚህ ታች ይዘቅጣል። ከላዩ የተቀመጠው ግፊት ያለበት አሞኒያ ነው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ወፍሮ ቫልቩ ላይ ይሰነቀራል። አንተ «አልወጣም» ብለህ ትንሽ ትጨምራለህ፣ ደግሞ ትጨምራለህ። ድንገት ሲለቅ ዘይቱ ያልቅና አሞኒያው ይከተላል። ያን ጊዜ ነጩ ጉም ቫልቩን ይሸፍነዋል። እጅህን ሰደህ ልትዘጋው አትችልም።

ለዚህ ነው ስትለቀው ራሱ የሚዘጋ ባለ ስፕሪንግ ቫልቭ የግድ የሚሆነው፣ ከመዝጊያ ቫልቩ ቀጥሎ። እጀታውን በገመድ ወይም በሽቦ አስሮ ሲጋራ ሊያጨስ የሚሄድ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ከማሽን ክፍል ማስወጣት ነው። የጎማ ቱቦውም ይቅር፣ የብረት ቧንቧ ይሁን። ደህና ተደርጎ የተሠራ ቤት ውስጥ ዘይቱ መጀመሪያ ወደ ትንሽ ማሰሮ ይወርዳል። ከዚያ ማሰሮው ከሪሲቨሩ ይለያል፣ ውስጡ የቀረው አሞኒያ ወደ ሳክሽን (ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ወደሚስብበት መስመር) ተስቦ ይወጣል፣ ዘይቱ የሚወጣው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው። እናንተ ጋ ማሰሮው ከሌለ ያንን ነው መጠየቅ ያለብህ።

ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ አለ ብለህ ደግሞ «ባዶ ነው» አትበል። ዘይቱ ራሱ ውስጡ አሞኒያ ይዞ ይቀራል፣ ሲሞቅ አረፋ ደፍቆ ይወጣል። በነገራችን ላይ ጌጁ ላይ የታተመው የሙቀት መጠን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። እዚያ ዜሮ ማለት አሞኒያው የሚፈላበት ‑33 ዲግሪ ነው። እኛ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆንን ዜሮ ሲያሳይ እውነቱ ወደ ‑38 ይጠጋል። ቡሬ ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላል።

ሽታውን ለመድኩ ያልከው ነው ያስደነገጠኝ። አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ሳንባ ግን አይለምድም። አሜሪካኖቹ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክሩት ወሰን ከሚሊዮን 25 እጅ ነው። 300 ሲደርስ ሕይወትን ያሰጋል ይላሉ፣ በካርትሪጅ ማስክ መሥራት የለም፣ መውጣት ብቻ ነው። ፎጣው ለማምለጫ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያግዝ ይሆናል። ዓይንህን ግን አይሸፍንም፣ አሞኒያ ደግሞ እርጥብ ነገር ይወዳል፤ ዓይን፣ ጉሮሮ፣ ብብት። ዓይንህን ከነካህ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹህ ውኃ ታጥበህ ወደ ሐኪም። ወተቱን ለጥጃው ተወው። መሬት ላይ በተኛ ፈሳሽ አሞኒያ ላይም ውኃ እንዳትረጭ፣ ይብሱን ይፈላል።

እህትዓለም፦
ጋሼ ቴክኒኩን ጨርሰውታል። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የደህንነት ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ወረቀቱ ልናገር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። ስለ አደጋው ማስተማር፣ መከላከያ መስጠት፣ አደጋ መመዝገብና ማሳወቅ ያለበት እሱ ነው። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሥልጠና መዝገብ፣ የአደጋ መዝገብ፣ የማስክና የሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) ቀን ቢዘጋጅ ጥሩ ነው። ሴፍቲ ቫልቭን በየ5 ዓመቱ መቀየር በሙያው የተለመደ ነው። የእናንተ ከተተከለ ጀምሮ ካልተነካ ለብቻው ጻፈው።

ማናጀሮች አንድ ዘፈን አላቸው፤ «አሜሪካ እንኳ የሚያስገድደው አሞኒያው ከ4,536 ኪሎ በላይ ሲሆን ነው፣ የእኛ ትንሽ ናት»። ያ ቁጥር የአንድ ጥብቅ ደንብ መነሻ ነው እንጂ ከዚያ በታች ያለው ነፃ ነው ማለት አይደለም። እዚያም አጠቃላይ የጥንቃቄ ግዴታው ይቀራል። ሰው ለመጉዳት ደግሞ አንድ ባልዲ ይበቃል።

እምቢ በቃል አትበል፣ ጻፈው። «ባለ ስፕሪንግ ቫልቭ፣ ቀኑ ያላለፈ ሙሉ ፊት ማስክና ሁለተኛ ሰው እስኪኖር ዘይት ማውጣቱ እንዲቆይ እጠይቃለሁ» በቂ ነው። ሁለት ቅጂ አድርገህ አንዱ ላይ አስፈርም። አንቀጽ 32 አደጋ መኖሩን እያወቀ በተሰጠው ጊዜ ያላስተካከለ አሠሪ ያለበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ እንደሚችል ይላል። ልቀቅ ማለቴ አይደለም፤ አስቀድመህ ማሳወቅህ ግን ዋጋ አለው።

የቡሬው ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ጻፍኩ፣ ኃላፊው እየተቆጣም ቢሆን ፈረመ። ዘይቱ ቆይቷል። ቫልቩን ባሕር ዳር ገበያ ፈልግ ብሎኛል። አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያምር የናስ ቫልቭ አይቻለሁ፣ ረከስ ይላል።

ጋሼ ኮምፕሬሰር፦
ናስ ክልክል! መዳብም እንዲሁ። አሞኒያ ይበላቸዋል። የብረት ይሁን፣ ለአሞኒያ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበት፣ ግፊቱም የተመለከተበት። ከመክፈልህ በፊት ፎቶውን እዚህ ላክልኝ።