ጥቆማ፦ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ኒኮ ይሻላል ወይስ ካማኩራ?

መምህርት ከኮሪያማ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጃፓን ውስጥ በኮሪያማ ከተማ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ረዳት መምህርት ነኝ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ እንደ እኔው ከሌላ አገር መጥተው ከሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ቶኪዮ ለመውረድ አስበናል። ቅዳሜ ቀኑን ለጉብኝት፣ ማታውን ለጨዋታ፣ እሁድን ደግሞ ከአበሻ ወገን ጋር ለመዋል ነው ሐሳባችን። ከቶኪዮ ደርሶ መልስ ከሚጎበኙት ከተሞች ኒኮን ወይስ ካማኩራን ትመርጡልናላችሁ? ለማደሪያስ ካፕሱል ሆቴል (አልጋ በሚያክል ጠባብ ሳጥን ውስጥ የሚታደርበት) ይበቃል? የሚረክሰው የባቡር ትኬትስ የትኛው ነው?

የዮኮሃማው፦
ያለ ጥርጥር ካማኩራ። ባልሽው ሰሞን ሰው ሊያየው የሚሄደው የኒኮ ቀይ የዛፍ ቅጠል ረግፎ አልቋል፤ የካማኩራው ግን ገና መቅላቱ ነው። ከቶኪዮው የሺንጁኩ ጣቢያ ተነስታችሁ የኦዳክዩ ባቡር ኩባንያን የኤኖሺማ ካማኩራ ፍሪፓስ ትኬት ብትገዙ፣ ደርሶ መልሱን ጨምሮ በባሕሩ ዳር የምትሄደውን ትንሿን የኤኖደን ባቡር ቀኑን ሙሉ እየወረዳችሁ ትሳፈሩባታላችሁ። በኮቶኩኢን ቤተ መቅደስ ያለው ታላቁ የነሐስ ቡድሃ ከ11 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ ሥራው የተጀመረውም በ1252 (እ.ኤ.አ.) እንደሆነ ይነገራል። አዳራሹ በማዕበልና በነፋስ ከፈረሰ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ጥቂት ሳንቲም ከፍላችሁ ወደ ሆዱ ብትገቡ፣ ነሐሱ ክፍል በክፍል እየተደራረበ የፈሰሰበት መጋጠሚያ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ጎልቶ ይታያችኋል። እኔን ከውጪው ይልቅ የማረከኝ ይህ ነው።

የኒኮ ወዳጅ፦
ቅጠል ረገፈ ተብሎ ኒኮ አይተውም! ጃፓንን የገዛው የጦር አለቃ (ሾገን) ቶኩጋዋ ኢኤያሱ ያረፈበት የቶሾጉ ቤተ መቅደስ አሁን በምናየው መልኩ የታነጸው በ1636 በልጅ ልጁ ዘመን ነው፤ በዮሜይሞን በር ላይ ብቻ ከ500 የሚበልጡ ቅርጾች ተቀርጸዋል። ክፉ አንይ፣ ክፉ አንስማ፣ ክፉ አንናገር የሚሉት ሦስቱ ጦጣዎችም የተቀረጹት እዚያው በፈረሶቹ ጋጥ ላይ ነው። የኬጎን ፏፏቴ 97 ሜትር ይወርዳል፣ ለእርሱ ደግሞ ቅጠል አያስፈልገውም። ከኮሪያማ ለምትመጣም ኡትሱኖሚያ ጣቢያ ላይ ከፈጣኑ ባቡር ከሺንካንሰን ወርዶ የኒኮን ባቡር መያዝ ነው፤ መንገዷ ላይ ያለ አገር ነው።

ሺንጁኩ ያስተማረኝ፦
እኔ የምመክርሽ ከጉብኝቱ ይልቅ ስለ ማታው ነው። በሺንጁኩ የመጠጥ ቤቶች ሰፈር በካቡኪቾ ውስጥ አንድ ጎረምሳ በእንግሊዝኛ ቀርቦን፣ በሦስት ሺህ የን ለሁለት ሰዓት የፈለጋችሁትን ያህል ጠጡ ብሎ ወደ አንድ ፎቅ አወጣን። ሒሳቡ ሲመጣ የወንበር፣ የአገልግሎት፣ ያላዘዝነው መክሰስ ሁሉ ተደምሮበት ከመቶ ሺህ የን በላይ ሆነ። አንዳችን ገንዘብ ከማሽን አውጥቶ እስኪመለስ ሌሎቻችንን አላስወጡንም። ቶኪዮን በማታ ባታዪው ይቅርብሽ።

ከሳይታማ፦
በደረሰብህ አዝናለሁ፤ ነገር ግን ያላዘዙት መክሰስ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። በማንኛውም ጨዋ ኢዛካያ (የጃፓን መጠጥ ቤት) ገና ሲቀመጡ ኦቶሺ የሚባል ትንሽ ሳህን ይቀርባል፣ ጥቂት መቶ የንም ይታሰባል። ወንጀሉ ያለው መንገድ ላይ እየጎተቱ ደንበኛ በሚያስገቡት ዘንድ ነው። እንዳትከተሏቸው በዚያው ሰፈር ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ያስጠነቅቃል።

ሺንጁኩ ያስተማረኝ፦
ድምፅ ማጉያው በጃፓንኛ ሲናገር አዲስ የመጣ ሰው በምን ይረዳው? ዛሬም ድረስ ገንዘቤ ያንገበግበኛል።

አንድ አንባቢ፦
በዚህ አያያዛችን እኅታችን ካማኩራ ሳትደርስ ፖሊስ ጣቢያ ልናደርሳት ነው። የጠየቀችው ኒኮ ወይስ ካማኩራ ብላ ነው።

የካትሱሺካ ነዋሪ፦
እኅቴ፣ በየተራ ልመልስልሽ። በባቡር እንደልብ የሚያሳፍረው ጃፓን ሬይል ፓስ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ብቻ የሚሸጥ ስለሆነ በሥራ ቪዛ ላለሽው አይፈቀድልሽም፤ በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሰባት ቀኑ ዋጋ ወደ 50,000 የን ወጥቷል። ሴይሹን 18 የሚባለው ርካሽ ትኬትም የሚሠራው በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን በመሆኑ ላሰብሽው ጊዜ አይሆንም። ገንዘብ መቆጠብ ካሻችሁ ከኮሪያማ የሚነሣ የረጅም ርቀት አውቶቡስ አለ፤ ይዘገያል እንጂ ከሺንካንሰን በብዙ ይረክሳል። ካፕሱል ሆቴል ለአንድ ሌሊት ይበቃል፣ ሴቶችን የሚቀበልና የሴቶች ፎቅ የተለየለት መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚያልፍ ማደሪያችሁ በእግር ከምትደርሱበት ይሁን።

ለእሁድ ወደ ዮትሱጊ ኑ። በኬይሴይ ኦሺያጌ የባቡር መስመር ላይ ያለ፣ በቶኪዮ የካትሱሺካ ወረዳ ሰፈር ነው፤ አበሻው በብዛት የሚኖረው እዚህ ነው፣ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለውም ምግብ ቤት እዚሁ ነው። የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ። በሌላው ቦታ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የሚሶ ሾርባውም፣ የኑድል መረቁም፣ የተቀቀለው አትክልት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ በወጣ መረቅ ነው። ሾጂን የሚባለው የመነኮሳት ምግብ ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ ካማኩራም ኒኮም ይገኛል።

ከኦሳካ፦
ዓሣ በነቢያት ጾም ይበላ የለም እንዴ?

ከሳይታማ፦
በዚህ አባቶችም ሁሉ በአንድ ቃል አይናገሩም፤ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

የኒኮ ወዳጅ፦
የጾም ነገር ከተነሣማ ኒኮ ዩባ አለላችሁ! የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላይ የሚሰፍፈው ስስ ቆዳ ነው፤ በሥሡ እየተገፈፈ፣ እየተጠቀለለ ይቀርባል። የኒኮ መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ ይመገቡታል።

የዮኮሃማው፦
ካማኩራም ኬንቺንጂሩ አላት፤ ከኬንቾጂ ገዳም ወጣ የሚባል የሥራ ሥርና የቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ) ሾርባ ነው። ቀን በሚያጥርበት ወቅት ደግሞ ፏፏቴው ጋ ለመውጣት ብቻ አውቶቡስ ላይ ስንት ሰዓት ሊያልቅባት ነው?

የኒኮ ወዳጅ፦
ቢያልቅስ? ለኒኮ ያለቀ ሰዓት አይቆጭም።

መምህርት ከኮሪያማ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፣ አሁንም እየተከራከሩ ናቸው። አንደኛዋ አኩሪ አተር አይስማማትም፤ ቶፉም ዩባም የሌለበት የሾጂን ምግብ የሚያዘጋጅ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ።