ክርክር፦ ትናንሾቹ የክሪኬት አገሮች ወደ ዓለም ዋንጫ በመሰላል ይውጡ ወይስ በሊግ?

የሽሮሜዳው፦
ክሪኬት ሳነሳ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ስፖርት ለሚወድ ሁሉ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ከ2007 እስከ 2019 አይሲሲ፣ ማለትም የክሪኬቱ ፊፋ፣ ለትናንሾቹ አገሮች «የዓለም ክሪኬት ሊግ» የሚባል ነገር ነበረው። ስሙ ሊግ ይሁን እንጂ መሰላል ነበር። በአምስት ዲቪዚዮን ተጀመረ፣ በኋላ እስከ ስምንት ደረሰ። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቡድኖች አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ። በሳምንት ገደማ ተጫውተው ይጨርሳሉ። ከላይ ያሉት ይወጣሉ፣ ከታች ያሉት ይወርዳሉ።

አፍጋኒስታን ሜይ 2008 ላይ ጀርሲ ደሴት ሄዳ አምስተኛ ዲቪዚዮንን አሸነፈች። ኦክቶበር ላይ ዳሬሰላም አራተኛውን ወሰደች። ጃንዋሪ 2009 ቦነስ አይረስ ላይ ሦስተኛውን። ኤፕሪል ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ለዓለም ዋንጫው ባታልፍም የአንድ ቀን ኢንተርናሽናል እውቅና፣ ማለትም በአንድ ቀን የሚያልቁ ጨዋታዎቿ እንደ ይፋዊ ዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚቆጠሩበትን ማዕረግ፣ ይዛ ተመለሰች። ይሄ ሁሉ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው!

አሁን መሰላሉ ተነስቷል። «ሊግ ሁለት» ውስጥ ስምንት ቡድኖች አሉ፣ ከሥሩ «ቻሌንጅ ሊግ» ውስጥ 12። አንዱ ዙር ዓመታት ይፈጃል። ከ12ቱ ውጪ ያለ አገር ቀጣዩ ዙር እስኪከፈት ደጅ ይጠናል። እኔ መሰላሉ ይመለስ ባይ ነኝ።

ቆጣቢ፦
ወንድሜ፣ የምታወራው ስለተሳካላት አገር ብቻ ነው። እዚያው ቦነስ አይረስ ላይ አፍጋኒስታን፣ ዩጋንዳና ፓፑዋ ኒው ጊኒ እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ። የተለዩት በረን (በክሪኬት የሚቆጠረው ነጥብ) ስሌት ነው፣ እንደ ጎል ልዩነት በሉት። ሁለቱ አለፉ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ቀረች። ስሌቱ ትንሽ ዘንበል ቢል ኖሮ ዛሬ ስለ አፍጋኒስታን ታሪክ አትነግረንም ነበር።

ኔፓልንም እይ። 2018 ዊንድሁክ ላይ ከካናዳ ጋር ስትጫወት የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች ሜዳ ላይ ቀርተው 51 ረን ይፈለግባቸው ነበር። በመጨረሻዋ ኳስ አሸነፉ። ከአንድ ወር በኋላ የአንድ ቀን እውቅና አገኙ። ያቺ ኳስ ብትሳት የአንድ አገር ክሪኬት ለዓመታት ወደኋላ ሊቀር ነው። ይሄ ውድድር ነው ወይስ ሎተሪ?

በሊግ ሁለት እያንዳንዱ ቡድን 36 ጨዋታ አለው። አንድ ቀን ዝናብ ቢያበላሽብህ 35 ይቀርሃል። ስፖንሰር የሚመጣው፣ ለተጫዋች ደመወዝ የሚከፈለው ፕሮግራም ሲኖርህ ነው።

የሽሮሜዳው፦
36ቱ ለስምንቱ ነው እኮ። ቻሌንጅ ሊግ ያለው 15 ብቻ ነው የሚጫወተው። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ዜሮ።

ጋሽ በረኛው፦
ልጆች፣ እኔ ክሪኬቱን አላውቀውም። ኳሱን ግን አውቃለሁ። ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እኛ ከየት ነበር የጀመርነው? ከሶማሊያ ጋር፣ ከቅድመ ማጣሪያ። መጀመሪያ 0 ለ 0፣ ከዚያ 5 ለ 0። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ያለችበት ምድብ ገባን። ቅጣት ላይ ያለ ተጫዋች አሰልፈን ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፣ እንዲያም ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን። ናይጄሪያ ናት ያስቆመችን፣ በደርሶ መልስ 4 ለ 1። ያ ሁሉ ሕዝብ አደባባይ የወጣው ከታች የተነሳም ላይ የሚደርስበት መንገድ ስለነበረ ነው። እናንተ የምታወሩት ዋንጫ ላይ ግን ስንት አገር ነው የሚገባው?

ሻርጃ ነኝ፦
ጋሼ፣ ዋናውን ነገር የነኩት እርስዎ ነዎት። እነዚህ ሁለቱ ስለ ደረጃው ይጨቃጨቃሉ፣ በሩን ማንም አላየውም። 2007 ላይ 16 ቡድን ነበር። 2011 እና 2015 ላይ 14። 2019 እና 2023 ላይ 10 ብቻ!

ለምን መሰላችሁ? 2007 ላይ ሕንድና ፓኪስታን ሁለቱም በመጀመሪያው ዙር ተሰናበቱ። ፓኪስታንን ያሸነፈቻት አየርላንድ ናት፣ ያውም በአይሪሾቹ በዓል፣ በቅዱስ ፓትሪክ ቀን። እኔ ያለሁበት አካባቢ ሕንድ ስትጫወት ሱቁ፣ ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑም የሚኖረው በዚህ ሰው ነው። አሥሩ ቡድን ሁሉ እርስ በርሱ ሲጋጠም ሕንድ ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ ይኖራታል፣ ብትሸነፍም ባትሸነፍም። በእኔ ግምት ለትናንሾቹ በሩ የጠበበው ለዚህ ሲባል ነው።

2018 ሐራሬ ላይ አሥር ቡድኖች ለሁለት ቦታ ተናነቁ። ስኮትላንድ በዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) በአምስት ረን ተሸነፈች፣ ያውም ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት አሸናፊው በሒሳብ ተለይቶ። አንዱ የስኮትላንድ ልጅ አከራካሪ በሆነ የዳኛ ውሳኔ ወጥቷል፣ በቪዲዮ የሚታይበት መንገድ ግን አልነበረም። በቃ፣ የአራት ዓመት ልፋት። ታዲያ ከታች መሰላል ብታቆሙ ሊግ ብታቆሙ ምን ይለውጣል?

ቆጣቢ፦
እቱ፣ ይሄን እቀበልሻለሁ። ግን በሩ ጠባብም ሆኖ የሚገባው ይገባል። 2023 ላይ ስኮትላንድ ያንኑ ዌስት ኢንዲስን አሸንፋ አስቀረቻት። ሁለት ጊዜ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ቀረ። ኔዘርላንድስ ገባች፣ ሕንድ ሄዳ ደቡብ አፍሪካን ጣለች።

እና ኔዘርላንድስ እንዴት እንዲህ ጠነከረች? ከ2020 እስከ 2023 ከትልልቆቹ ጋር «ሱፐር ሊግ» ውስጥ 13ኛ ቡድን ሆና ስለተጫወተች ነው። ያንን ሊግ ነው የሰረዙት። አሁን ስምንቱ ቀጥታ የሚያልፉት በደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ትልልቆቹ ከትንሹ ጋር እንዲጫወቱ የሚያስገድዳቸው የለም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው እንጂ የመሰላሉ መነሳት አይደለም።

ከናይሮቢ፦
መሰላል መሰላል ስትሉ ኬንያን ረሳችኋት። 2003 ላይ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች አገር ናት። እርግጥ ኒውዚላንድ ለደህንነት ፈርታ ናይሮቢ ሳትመጣ ቀርታ ነጥቡ ተሰጥቷታል። ስሪላንካን ግን እዚሁ ናይሮቢ ላይ በጨዋታ ነው ያሸነፈቻት። ከዚያ የክፍያ ጭቅጭቅ፣ የአስተዳደር ሽኩቻ። 2014 ላይ የአንድ ቀን እውቅናዋን አጣች፣ 2018 ላይ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደች። አሁን ቻሌንጅ ሊግ ውስጥ ናት። መሰላሉ ለአፍጋኒስታን ሲያወጣ ለኬንያ ቁልቁለት ነበር።

የሽሮሜዳው፦
ቁልቁለቱ የመሰላሉ ጥፋት ነው እንዴ? ቤቱን ያፈረሰው የራሱ ሰው ነው። ይልቅ ጎረቤታችሁን እይ። በአጭሩ ክሪኬት፣ በቲ20፣ 2024 ላይ 20 ቡድን ገባ። ዩጋንዳ በአፍሪካ ማጣሪያ ዚምባብዌን አሸንፋ አለፈች። እዚያ ደርሳ ከዌስት ኢንዲስ ጋር በ39 ረን ብቻ ሁሉም ልጆቿ ረገፉ፣ አልክድም። ግን ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸነፈች፣ ያ የ43 ዓመት ኳስ ወርዋሪዋ በአራት ኦቨር አራት ረን ብቻ ነው የሰጣቸው! ሎተሪ በሉት ምን በሉት፣ ካምፓላ ላይ የክሪኬት ዱላ የሚይዝ ልጅ ያን ቀን አይረሳውም።

ሻርጃ ነኝ፦
የ2027ቱ ደግሞ ወደ 14 ይመለሳል። አዘጋጆቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ ናቸው። ሁለቱ በአዘጋጅነታቸው ቀጥታ ያልፋሉ። ናሚቢያ ግን የአይሲሲ ሙሉ አባል ስላልሆነች በማጣሪያ ማለፍ አለባት። ድግሱን ደግሳ በራሷ በር ላይ መጥሪያ ካርድ ትጠየቃለች።

ቆጣቢ፦
ሃሃ! እሺ፣ እዚህ ላይ ሁላችንም አንድ ነን። የሽሮሜዳው፣ 36ቱን ጨዋታ ካልነካህብኝ ከታች አንድ ፈጣን ማጣሪያ በየዓመቱ ይጨመር ብትል እፈርማለሁ።

የሽሮሜዳው፦
በየዓመቱ ካልክ ተስማማን። ለስንት ቡድን የሚለው ላይ ግን ነገም እንጣላለን።

ጋሽ በረኛው፦
ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት። ኦቨር ምንድነው ግን?

ሻርጃ ነኝ፦
ስድስት ኳስ ነው ጋሼ። አንዱ ቡድን 50 ኦቨር ይመታል፣ ከዚያ ሌላው 50። ጠዋት ቁርስዎን በልተው ከተቀመጡ ለእራት ይነሳሉ።