«ቬሪ ቢፎር» ለምን አይባልም?

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ጠለቅ አድርጋችሁ የምታውቁ አንድ ነገር እንድታስረዱኝ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። አሁን ያሉኝ አንዲት የ86 ዓመት እናት ናቸው። በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ማታ ከመውጣቴ በፊት የቀኑን ውሎ ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ነርሷ እሱን አይታ ነው የምትቀጥለው።

እማማ የታይሮይድ ኪኒን አላቸው። በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው የሚወሰደው። ባለፈው ማክሰኞ ከቁርስ በጣም ቀድሜ ሰጠኋቸውና ደብተሩ ላይ «ቬሪ ቢፎር ብሬክፋስት» ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ ደወለችልኝ። «ጀስት ቢፎር ነው ወይስ ዌል ቢፎር?» አለችኝ። ድንግጥ አልኩ። የመድኃኒት ነገር ነዋ! «ዌል»ን እኔ የማውቃት «ደህና» በሚለው ነው። ስንት ደቂቃ እንደነበር ነገርኳት፣ እሷም እሺ አለች። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። «ቬሪ» በጣም ነው። «ቢፎር» በፊት ነው። ታዲያ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ለምን ሰው ግራ ይገባዋል?

ሌላም አለ። እማማ ዕቃ ሲልኩኝ «ኢትስ አፕ ኢን ዘ ካቢኔት፣ ራይት ቢሃይንድ ዘ ኮፊ» ይላሉ። «ኢን» ካለ «አፕ» ምን ይሠራል? «ራይት»ስ ቀኝ አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ሰሞን ከቡናው በስተቀኝ ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ አንስቼ ስፈልግ ነበር። ዕቃው ለካ ከኋላው ነው።

የቀድሞ መምህር (ደሴ)

እህቴ ሰናይት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣሽው። እኔ ለ18 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ «ኢን፣ ኦን፣ አት» እያልን ባዶ ቦታ ስናስሞላ ነው የምንከርመው። መስተዋድድ ከምንላቸው ከእነዚህ ቃላት ፊት የምትመጣዋን ትንሽ ቃል ግን የሚያስተምራት የለም። እኔም አላስተማርኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ቢፎር ብሬክፋስት» የሚለውን እንደ አንድ ጥቅል ያዢው። መስተዋድዳዊ ሐረግ የምንለው እሱን ነው። ከጥቅሉ ፊት አንድ በር አለች። በዚያች በር የሚገባው ተውሳከ ግስ «ምን ያህል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። «ቬሪ» በዚያ በር አይገባም። የሱ ወዳጅነት ከቅጽልና ከመሰል ተውሳከ ግሶች ጋር ነው፦ «ቬሪ ሆት»፣ «ቬሪ ስሎውሊ»። «ቬሪ ኒር ዘ ዶር» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እሱ ልክ ነው፤ «ኒር» ጠባዩ ወደ ቅጽል ስለሚያደላ ነው።

እንግዲህ የእኛ «በጣም» እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ይበተናል። ቀደም ያለው ብዙ ከሆነ «ዌል ቢፎር ብሬክፋስት» ነው። ነርሷ የጠየቀችሽ እሱን ነው። እኩለ ሌሊት አልፎ ብዙ ከቆየ «ሎንግ አፍተር ሚድናይት»። ጥቂት ብቻ ካለፈ «ሾርትሊ አፍተር ላንች» ወይም «ጀስት አፍተር ላንች»። ምንም ክፍተት ከሌለው፣ ሳህኑ ሳይነሳ ማለት ነው፣ «ራይት አፍተር ላንች»። ቦታ ሲሆን ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ጥልቅ ብሎ የገባ ዕቃ «ዲፕ ኢን ዘ ድሮወር» ነው። «ሾርትሊ»ን ለእንዲህ ያለ ቦታ አትጠቀሚባት። «ሾርትሊ ቢሃይንድ ዘ ኮፊ» አይባልም።

«ራይት» እዚህ ላይ የእኛ «ልክ» ነው። ልክ ከቡናው ጀርባ። ይቺ ቃል ለሰዋስው ሰዎችም ትጠቅማለች። በፈረንጆች 2002 የታተመው የካምብሪጁ ትልቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ ሐረግ መስተዋድዳዊ መሆን አለመሆኑን ሲፈትሽ «ራይት»ን ወይም «ስትሬይት»ን ከፊቱ እያደረገ ያያል። ከተቀበለ መስተዋድዳዊ ነው።

ለደብተርሽ ግን አንድ ነገር ልምከርሽ። ቁጥርም በዚያችው በር ይገባል፦ «ፎርቲ ሚኒትስ ቢፎር ብሬክፋስት»። ለመድኃኒት ከዚህ የሚበልጥ ተውሳከ ግስ የለም።

ባለታክሲው (አትላንታ)

ሰናይት አይዞሽ። እኔ ታክሲ ላይ በ«ስትሬይት» ነው የተቸገርኩት። ተሳፋሪ «ስትሬይት ቱ ዘ ኤርፖርት» ሲለኝ ቀጥ ያለውን መንገድ የመረጠ ይመስለኝ ነበር። እሱ የሚለው የትም ሳትቆም ውሰደኝ ነው። ቆይቼ ሳስበው እኛም «በቀጥታ ወደ ቤት ና» እንላለን። ያ ልጅ በሰፈሩ ጠመዝማዛ ሁሉ ዞሮ ይመጣል እኮ!

ጋሼ መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ደቡብ ያሉ ትልልቅ ሰዎች «ራይት ናይስ ኦቭ ዩ» ሲሉ እሰማለሁ። እዚያ ላይ «ራይት» በ«ቬሪ» ቦታ ገብታለች ማለት ነው?

የቀድሞ መምህር (ደሴ)

አዎ፣ ወንድሜ። እሱ የአካባቢ አነጋገር ነው። ጥሩ ጆሮ አለህ። ሰናይት ግን ደብተር ላይ እንዳትጽፈው።

ተርጓሚዋ (አዲስ አበባ)

ስለ «አፕ ኢን ዘ ካቢኔት» የመለሰ ስለሌለ እኔ ልሞክር። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ይሄ ነው።

እናቴ ወጥ ቤት ሆና እጇ ሊጥ እንደነካ «እላይ መደርደሪያው ላይ፣ ከበርበሬው ጀርባ አለልሽ» ትለኛለች። «እላይ» ብላ ሳትጨርስ አንገቴን ቀና አደርጋለሁ። «መደርደሪያው ላይ» ስትል ዓይኔ ቦታውን ይይዛል። «ከበርበሬው ጀርባ» ስትል እጄ ይዘረጋል። የእማማም አነጋገር ይኸው ነው። «አፕ» አቅጣጫውን ትሰጥሻለች፤ «ኢን ዘ ካቢኔት» ቦታውን። ሁለቱ አንድ ሥራ እየሠሩ አይደለም።

ሌሎቹንም በእናቶቻችን አፍ ሞክሪያቸው። ውጭ በረንዳው ላይ፦ «አውት ኦን ዘ ባልኮኒ»። እዚያ መስኮቱ ጋ፦ «ኦቨር ባይ ዘ ዊንዶው»። እታች ወንዙ ዳር፦ «ዳውን ባይ ዘ ሪቨር»። ቅደም ተከተሉ እንኳን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሰፊው፣ ከዚያ ጠባቡ። አንድ ልብ የምትይው ነገር አለ። አቅጣጫው ብዙ ጊዜ የሚለካው ከተናጋሪው ነው። እማማ ፎቅ ላይ መኝታ ቤት ሆነው ወጥ ቤቱን ሲጠሩት «ዳውን ኢን ዘ ኪችን» ይሉሻል። ከወጥ ቤቱ በታች ባለው ቤዝመንት ሆነው ከሆነ ያው ወጥ ቤት «አፕ ኢን ዘ ኪችን» ይሆናል።

ቃሏ ከጥቅሉ ጋር መሆኗን ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይኸውልሽ። «የት?» ብለሽ ጠይቂ። «ራይት ቢሃይንድ ዘ ኮፊ» ሙሉ መልስ ነው፣ ብቻውን ይቆማል። አሁን ደግሞ «ሺ ዎክድ ስሎውሊ ቱ ዘ ዶር» የሚለውን እዪ። ወዴት ብትዪ መልሱ «ቱ ዘ ዶር» ብቻ ነው። «ስሎውሊ» የአረማመዷ ነው፤ ከበሩ ጋር ጉዳይ የላትም። ለዚህ ነው «ስሎውሊ፣ ሺ ዎክድ ቱ ዘ ዶር» ብለሽ ወደ ፊት ማምጣት የምትችዪው። «ራይት»ን ከ«ቢሃይንድ» ነጥለሽ እንዲህ ብታደርጊ ትርጉሙ ይጠፋል።

ሰናይት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። «እላይ መደርደሪያው ላይ» የሚለውን ሳነብ እናቴ ድምፅዋ መጣብኝ። እንግሊዝኛ ስሰማ በአማርኛ ጆሮዬ መስማት እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ማታ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቱክ ታይሮይድ ፒል ፎርቲ ሚኒትስ ቢፎር ብሬክፋስት። ዎክድ ስሎውሊ አውት ቱ ዘ ባልኮኒ ሾርትሊ አፍተር ላንች። ዌንት ስትሬይት ቱ ቤድ ራይት አፍተር ዲነር።» ነርሷ አልደወለችም።

የመነጽራቸውን ነገርም ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ጠፋባቸው። «ዳውን ቢትዊን ዘ ኩሽንስ» አሉኝ። የቃላቱን ተራ ተከትዬ እጄን ወደ ታች ሰደድኩ፣ ከዚያ በሁለቱ ትራሶች መሃል። ሶፋው ውስጥ አገኘሁት።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ማታ ቴሌቪዥን አምሽተው ሲያዩ «ኢትስ ዌይ ፓስት ማይ ቤድታይም» ይላሉ። «ዌይ» መንገድ አይደለም? እሷም በዚያችው በር ነው የገባችው?

የቀድሞ መምህር (ደሴ)

በዚያችው በር ነው፤ በትክክል ገባሽ። ግን «ዌይ» የአፍ ናት፣ ለጨዋታ። ደብተሩ ላይ «ዌል ፓስት ሂር ቤድታይም» በዪው። ከቻልሽ ግን ሰዓቱን ጻፊ።