ክሪኬቱ በራችን ላይ እየተካሄደ ሰው ለምን አያየውም?

ባለሻዩዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ አንድ የሕንዶች ካፍቴሪያ ነው የምሠራው። ክሪኬት፣ ያ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሳልወድ በግድ ለመድኩት። አይፒኤል የሚሉት የሕንድ የክሪኬት ሊግ ሲጀመር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም። ቆሞ የሚያየው ይበዛል፤ ካራክ ሻይ ስመላለስ እግሬ ይዝላል። ጥር ላይ ደግሞ እዚሁ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረው ሊግ ነበር። ስታዲየሙ ቅርብ፣ ሰዓቱም ያው ማታ። ኤምአይ ኤምሬትስ የሚባለው ቡድን ባለቤቱ የአይፒኤሉ ቡድን የሙምባይ ኢንዲያንስ ባለቤት ነው፣ ማሊያው እንኳ ያው ሰማያዊ። ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም! አንዱ ደንበኛ እንዲያውም «ዜና አድርጊልኝ» አለኝ። ምንድን ነው ነገሩ?

ፑኔ የተማርኩ፦
እህቴ፣ እነሱ የሚያዩት ሰው ነው እንጂ ሊግ አይደለም። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ ገና መጫወት ያላቆመ ወንድ ተጫዋቹን ለውጭ ሊግ አይለቅም። የሕንዱን ኮከብ ኮህሊን እዚያ አታገኚውም። ሕንዶቹ ሮቢን ኡታፓና ዩሱፍ ፓታን እናንተ ጋ የተጫወቱት ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ነው (በክሪኬት ምን እንደሚሰቀል እንጃ)። ብሩም ሰዉን ተከትሎ ነው የሚሄደው፦ የአይፒኤል የ2023–2027 የስርጭት መብት 48,390 ክሮር ሩፒ ተሽጧል። አንዱ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው፣ አባዢው። ሆስቴል ሳለሁ ዝነኛው የሕንድ ተጫዋች ዶኒ ሊመታ ሲገባ የፈተና ዋዜማም ቢሆን ደብተር የሚይዝ አልነበረም።

ፉትስክሬይ ሜልቦርን፦
ተጫዋች ብቻ አይመስለኝም። እኛ ጋ ቢግ ባሽ የሚባለው የአውስትራሊያ የክሪኬት ሊግ በነፃ ቻናል ሲተላለፍ ልጆቼ ከሶፋ አይነሱም ነበር፤ በጋ ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው። ከዚያ ጨዋታውን አበዙት። እ.ኤ.አ. በ2018/19 ከፍጻሜ ጨዋታዎቹ ጋር 59 ደረሰ፣ ከፊሉም ለሚከፍል ብቻ ሆነ። ትምህርት ተከፍቶ እንኳ አላለቀም! ልጆቼ ተሰላቹ። በ2023/24 መደበኛውን ዙር ከ56 ወደ 40 ሲያወርዱት የኔዎቹ ወደ ቅርጫት ኳስ ሄደው ነበር።

ባለሻዩዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ፓኪስታናዊውን ወጥ ሠሪያችንን ጠየቅኩት። አይፒኤል ሲታይ እሱ ከማድቤት አይወጣም፤ የአገሩ ልጆች የተሰለፉት በመጀመሪያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ ነው አለኝ። በ2024 ግን የአገሩ ልጅ ሻሂን አፍሪዲ እዚህ ሊግ ለዴዘርት ቫይፐርስ ቡድን ሲጫወት መጥበሻውን ጥሎ ይወጣ ነበር። ለካ ያን ጥር በባዶ ወንበር መሃል ቆሞ «ድምፁን ጨምሪው» የሚለኝ እሱ ነበር።