የሐኪም ማስረጃ ለሌላት ተጎጂ ምን መንገድ አለ?

በሰሜን ወሎ በጦርነቱ ጊዜ ተገደው የተደፈሩ ሴቶችን የምንደግፍ በጎ ፈቃደኞች ስንሆን፣ የሕግና የሕክምና ባለሙያዎችን ምክር በትሕትና እንጠይቃለን።

ከምንደግፋቸው አንዲት እናት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በታጣቂዎች ተደፍራለች። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ሲኖርበት፣ በአቅራቢያዋ የነበረው ጤና ጣቢያ ተዘርፎ ስለነበር መድኃኒቱንም ሆነ የምርመራ ወረቀት አላገኘችም። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ለመክሰስ ብትነሣም፣ ያነጋገርነው መርማሪ ያለ ሐኪም ማስረጃ መዝገብ እንደማይከፍት ነገረን። ይህ በእኛ እምነት ተገቢ አይደለም፤ ጦርነቱ ራሱ ያጠፋውን ማስረጃ ከተጎጂዋ መጠየቅ እርሷን ዳግመኛ መበደል ነውና።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈርን በጦር ወንጀልነት ይቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ግን በይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ በማለፉ) የማይታገዱትን ወንጀሎች ሲዘረዝር መድፈርን በስም አይጠቅስም፤ ስለዚህ ጊዜው እንዳያልፍባት እንሰጋለን። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲስ እንዲህ ላሉ ተጎጂዎች በተግባር ምን በር ይከፍታል?

በወቅቱ የነገረቻቸው ጎረቤቶች ምስክርነትና ዘግይቶ የተሰጠ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሪፖርት በማስረጃነት ይበቃሉን? ባለቤቷ ጉዳዩን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አትፈልግም። ቃሏን በየቢሮው ሳትደጋግም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሴት መርማሪ፣ ምስጢሯ ተጠብቆ የምትሰጥበትን ሥርዓት የምታውቁ ካላችሁ ከየት እንደምንጀምር ብትነግሩን እናመሰግናለን።