የወንድሜን የዕጢ ናሙና የት ላስመርምር?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ውጤቱ «ግሊዮብላስቶማ፣ ደረጃ 4» (ኃይለኛ የአንጎል ካንሰር) ይላል። አይዲኤች (IDH) እና ኤምጂኤምቲ (MGMT) የተባሉት ጂኖች ምርመራ ግን «አልተሠራም» ተብሎ ታልፏል።

በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ መሠረት የአይዲኤች ለውጥ ያለበት እንዲህ ያለ የአዋቂ ሰው ዕጢ ግሊዮብላስቶማ አይባልም፤ አስትሮሳይቶማ የሚባል ሌላ የአንጎል ዕጢ ዓይነት ነው፣ ታማሚውም አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ኤምጂኤምቲ ደግሞ ቴሞዞሎማይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያመለክታል። በ2005 በታተመ ጥናት ከጨረር ጋር መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ጂኑ በሜቲሌሽን (በላዩ ላይ በሚለጠፍ ኬሚካዊ ምልክት) የተዘጋባቸው አማካይ የመኖር ጊዜ 21.7 ወር፣ ያልተዘጋባቸው 12.7 ወር ነበር። እኛ ለመድኃኒቱ ብለን ቤት ልንሸጥ ነው፤ ልዩነቱን ሳላውቅ እንዴት ልፈርም?

ናሙናው እጄ ላይ ነው። ከክብሪት ሳጥን የምታንስ፣ በሰም የታሸገች ቁራጭ ናት። የድሬን ሙቀት ፈርቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከውኃው እንስራ ሥር አስቀምጫታለሁ።

እባካችሁ፣ ሁለቱን ምርመራዎች አገር ውስጥ የሚሠራ ላቦራቶሪ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ወደ ውጭ የላካችሁ ካላችሁ በምን አሽጋችሁ፣ በምን ደብዳቤ ላካችሁ? ሐኪሞች ካላችሁ ደግሞ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ጨረሩን እንጀምር ወይስ እንጠብቅ?